ባሩድ የሚፈጨውን ወፍጮ የሠራው ሰው

ሦስቱ ግድግዳ ድንጋይ ነው፣ ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ያለው። አራተኛው ሳንቃ ነው። ወደ ወንዙ የዞረው ይኸው የሳንቃው ነው። ጣሪያውም ቀለል ያለ ነው፤ እሱም ወደ ወንዙ ያዘነብላል። ውስጥ ያለው ነገር የፈነዳ እንደሆነ ድንጋዩ ይቆማል፣ ሳንቃውና ጣሪያው ይሄዳሉ። እሳቱ ወደ ውሃው ይወጣል። ጎረቤት ያለው ቤት ይተርፋል።

ይህን ቤት ያየሁት በአሜሪካ፣ በዴላዌር ግዛት፣ ከዊልሚንግተን ከተማ ወጣ ብሎ በሚፈሰው በብራንዲዋይን ወንዝ ዳር ነው። እንዲህ ያሉ ቤቶች በወንዙ ዳር ተራርቀው ቆመዋል። ቦታው ዛሬ ሃግሊ የሚባል ሙዚየም ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1802 እስከ 1921 ግን የዱፖን ኩባንያ የባሩድ ፋብሪካ ነበር። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።)

ጎብኚው ብዙውን ጊዜ የሚያደንቀው ኮረብታው ላይ ያለውን የባለቤቶቹን ቤት ነው። እውነትም ቆንጆ ቤት ነው። እኔን ግን ታች ያስቀረኝ የወፍጮ ቤቱ ነው። መዘውሩ፣ ዘንጉ፣ ጥርሳም ጎማዎቹ። የማሽን ጥገና ሰው ነኝ። አገር ቤት ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ነው ሥራ የጀመርኩት፤ አሁን ሜሪላንድ ውስጥ የመጋዘን ማጓጓዣ ቀበቶ እጠግናለሁ። እንዲህ ያለ ማሽን ፊት ስቆም መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው። ይህ ሲሰበር የሚጠራው ማን ነበር?

የዱፖንን ስም ዓለም ያውቀዋል። ኤሉቴር ኢሬኔ ዱፖን በ1771 ፓሪስ ተወለደ። ገና በወጣትነቱ የባሩድ አሠራርን የተማረው ከታላቁ ኬሚስት ከአንቷን ላቮዚዬ ዘንድ ነው። ላቮዚዬ በ1794 በአብዮቱ ጊዜ አንገቱ ተቀላ። የዱፖን ቤተሰብም አገሩን ጥሎ በ1800 መጀመሪያ አሜሪካ ገባ። በ1801 ኢሬኔ ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ ንድፍና መሣሪያ ይዞ መጣ። በ1802 ከጄኮብ ብሩም ላይ 95 ኤከር መሬት በ6,740 ዶላር ገዛ። ብሩም የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ከፈረሙት ሰዎች አንዱ ነው። እዚያ ቦታ ላይ የጥጥ ፋብሪካ ነበረው፤ ተቃጥሎበት ነው የሸጠው። የመጀመሪያው ባሩድ ለገበያ የቀረበው በ1804 ነው።

ይህ ሁሉ በየመጽሐፉ አለ። ንድፉ ከፈረንሳይ መጣ እንበል። ወረቀት ግን ውሃ አያዞርም። ግንዱን መርጦ የጣለው፣ መዘውሩን የገጠመው፣ ዘንጉን በውሃ ልክ ያስተካከለው ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ወፍጮ ሠሪው ነው።

የብራንዲዋይን ሸለቆ ደግሞ የወፍጮ ሠሪ አገር ነበር። ወንዙ ዊልሚንግተን ከመድረሱ በፊት በአጭር ርቀት ውስጥ በጣም ይወርዳል። ለውሃ ወፍጮ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? ዱፖን ከመምጣቱ በፊት ቦታው በስንዴ ወፍጮ የታወቀ ነበር። ኦሊቨር ኢቫንስ የሚባለው ሰው የተወለደውም በዚያው አካባቢ፣ በ1755 ነው። ኢቫንስ እህሉን ከታች ወደ ላይ የሚያወጣ የባልዲ ሰንሰለትና ወደ ጎን የሚገፋ ጠመዝማዛ ማጓጓዣ ሠርቶ፣ የሰው እጅ ሳይነካው እህል ገብቶ ዱቄት የሚወጣበት ወፍጮ አቆመ። በ1790 በአሜሪካ ሦስተኛውን ፓተንት አገኘ። በ1795 ደግሞ ለወጣት ወፍጮ ሠሪዎች መመሪያ መጽሐፍ አሳተመ። እኔ ዛሬ የምጠግነው ማጓጓዣ የልጅ ልጁ ነው ብል አላጋነንኩም። የባሩዱ ፋብሪካ ሲቆም በዙሪያው ይህን ሙያ የሚያውቅ እጅ ሞልቶ ነበር።

የዚያ ዘመን ወፍጮ ሠሪ ምን ያውቅ ነበር? ዊሊያም ፌርቤርን የሚባል የብሪታንያ መሐንዲስ፣ ራሱ በልጅነቱ በወፍጮ ሠሪነት ተለማምዶ ያደገ፣ ጥሩ አድርጎ ጽፎታል። መጥረቢያ፣ መዶሻና መላጊያ እኩል ይይዛል ይላል። ብረት ይቀጠቅጣል፣ ይበሳል፣ ይቀርጻል። ሒሳብና ጂኦሜትሪ ያውቃል። የውሃውን ውድቀት ለክቶ መዘውሩ ስንት ጉልበት እንደሚሰጥ ያሰላል። ግድብና ቦይም ያሠራል። ዛሬ ይህን ሁሉ ለአምስት ባለሙያ አካፍለነዋል። ሲቪል መሐንዲሱ ብቻውን፣ መካኒኩ ብቻውን፣ አናጢው ብቻውን።

ስሌቱም ቀልድ አልነበረም። ጆን ስሚተን የሚባለው እንግሊዛዊ በ1759 ባሳተመው ሙከራ፣ ውሃው ከላይ የሚወርድበት መዘውር ከሥሩ ከሚመታው በእጥፍ ያህል እንደሚሻል በቁጥር አሳይቶ ነበር። አንዱን ጅረት አምስት ስድስት ወፍጮ ለሚካፈልበት ቦታ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ከላይ ያለው ወፍጮ የጨረሰው ውሃ ነው ለታችኛው የሚደርሰው። በበጋ ወንዙ ይቀንሳል። በክረምት በረዶ መዘውሩን ይይዛል። ወፍጮ ሠሪው ከወንዙ ጋር ነው ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው።

አሁን ወደ ባሩዱ ልግባ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነው።

ባሩድ ሦስት ነገር ነው። ከመቶ 75 እጅ ያህሉ ፖታሲየም ናይትሬት ነው፣ 15 እጁ ከሰል፣ 10 እጁ ድኝ። ናይትሬቱ ከህንድ በመርከብ ይመጣል። ድኙ ከሲሲሊ። ከሰሉ ግን እዚያው ይሠራል፤ የሚመረጠው እንጨት በወንዝ ዳር የሚበቅለው አኻያ ነው። ሦስቱን እንዲያው በማንኪያ ብታማስላቸው ይነዳሉ እንጂ ባሩድ አይሆኑም። ቅንጣት ከቅንጣት ጋር እስኪዋሃድ ድረስ በከባድ ነገር ለሰዓታት መታሸት አለባቸው። ወፍጮው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እህል ብዙ ሲፈጭ ቢበዛ ይሞቃል። ይኼኛው ግን በተዋሃደ ቁጥር ገዳይነቱ ይጨምራል። ማሽኑ ሥራውን በደንብ በሠራ መጠን አደጋው ይከብዳል። እንዲህ ያለ ማሽን ሌላ አላውቅም።

መጀመሪያ የነበረው ዘዴ መውቀጥ ነው። ሙቀጫና ዘነዘና ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። የውሃው መዘውር ረጅም ዘንግ ያዞራል፤ በዘንጉ ላይ የተሰኩ ችካሎች ከባድ ዘነዘናዎችን ተራ በተራ እያነሡ ይለቋቸዋል። ዘነዘናዎቹ ከእንጨት ናቸው፣ ጫፋቸው ነሐስ የለበሰ። ቀኑን ሙሉ መውደቅ፣ መነሳት፣ መውደቅ። ችግሩ ራሱ መውደቁ ነው። ምት ሙቀት ይወልዳል። አንድ ጠጠር፣ አንድ ቅንጣት አሸዋ እዚያ ውስጥ ከገባ አለቀ። እንግሊዞች በ1772 ባወጡት ሕግ ከጥቂት በቀር በመውቀጥ ባሩድ መሥራትን የከለከሉት በዚህ ምክንያት ነው። በብራንዲዋይን ግን የመንከባለያው ወፍጮ የገባው በ1820ዎቹ መጀመሪያ ነው።

የመንከባለያው ወፍጮ ሁለት ግዙፍ ክብ ጎማዎች አሉት። በጠርዛቸው ቆመው ክብ መደብ ላይ እየተንከባለሉ ይዞራሉ። አይመቱም፣ ይደፈጥጣሉ፣ ያሻሉ። በብዙ አገር ጎማዎቹ መጀመሪያ ከኖራ ድንጋይ ነበር የሚቀረጹት፤ የኖራ ድንጋይ እንደ ባልጩት ፍንጣሪ አያወጣም። ኋላ ቀልጦ የተቀዳ ብረት መጣ። ባሩዱ በውሃ ይርሳል፣ ደርቆ እንዳይነሣ። መቼም ቢሆን ጎማው በባዶ መደብ ላይ መሄድ የለበትም፤ በመሀላቸው ሁልጊዜ ባሩድ መኖር አለበት። የሚያፋጁትን ሁለት ብረቶች የሚለያያቸው ራሱ ባሩዱ ነው ማለት ነው።

ወፍጮ ሠሪው እዚህ ላይ ምን ያደርጋል? መደቡን በውሃ ልክ ያስተኛል። ጎማው እንዳይነጥር፣ እንዳይንሸራተት፣ ዘንጉ እንዳይወዛወዝ ያስተካክላል። ሁለት ወፍጮ ቤት ጎን ለጎን ይቆማል፣ በመሀላቸው አንድ የውሃ መዘውር ሁለቱንም ያዞራል። ይህ ማለት አንዱ ዘንግ ትንሽ ቢዘነብል ሁለቱም ቤት ይሰማዋል ማለት ነው።

ከሁሉ የወደድኩት የእንጨት ጥርሶቹን ጉዳይ ነው። የዚያ ዘመን ጥሩ ወፍጮ ሠሪ ብረት ከብረት ጋር ጥርስ ለጥርስ አያገናኝም ነበር። አንዱን ጎማ ከብረት ያደርገዋል፣ በሌላኛው ላይ ግን ከጠንካራ እንጨት የተጠረበ ጥርስ አንድ በአንድ ይሰካበታል። እንጨት በብረት ላይ ጸጥ ብሎ ይሄዳል። ፍንጣሪ የለውም። አንድ ነገር ቢቀረቀር የሚሰበረው አንድ የእንጨት ጥርስ ነው፤ ነቅለህ ሌላ ትሰካለህ፣ ወፍጮው በዚያው ቀን ይነሳል። ሌላም ዘዴ ነበራቸው። በሁለቱ ጎማዎች ላይ ያለውን የጥርስ ቁጥር ሲመድቡ በአንደኛው ላይ አንድ ጥርስ ይጨምራሉ። እንዲህ ሲሆን አንዱ ጥርስ ከዚያው ከአንዱ ጋር ቶሎ ቶሎ አይገናኝም፤ ሁሉም ከሁሉም ጋር በተራ ይገናኛል። መበላቱ እኩል ይሆናል። አንድ ጥርስ ብቻ! ይህን ያሰበ ሰው ስሙ የትም አልተጻፈም፣ እስከ ዛሬ ግን የማርሽ መሐንዲሶች ይጠቀሙበታል።

አዳማ ያሠለጠነኝ ሽማግሌ ትዝ አለኝ። ጋሼ ነበር የምለው። የካቻቢቴውን ጫፍ ኩሽኔታው ላይ አስደግፎ፣ እጀታውን ጆሮው ሥር አድርጎ ያዳምጥ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ማሽን ከመሰበሩ በፊት ይናገራል» ይለኝ ነበር። የብራንዲዋይን ወፍጮ ሠሪም በጆሮው ይሠራ እንደነበር አልጠራጠርም። የዘንጉ ጫፍ የብረት እግር አለው፣ በነሐስ ወይም በድንጋይ ማረፊያ ላይ የሚዞር፣ ሞራ የሚቀባ። ሞራው ሲያልቅ ይጮኻል። በዱቄት ፋብሪካ ሲጮህ ኩሽኔታ ትቀይራለህ። በባሩድ ቤት ሲጮህ ጊዜ የለህም።

ጥገናው ራሱ ሌላ ዓለም ነው። ማሽን ቆሟል ማለት አደጋው ቆሟል ማለት አይደለም። ባሩድ በየስንጥቁ፣ በየመጋጠሚያው፣ በወለሉ ሳንቃ መሀል ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ ባሩዱ ይወጣል። ከዚያ ይጠረጋል፣ በውሃ ይታጠባል። ሰዎቹ ሚስማር የሌለው፣ በእንጨት ችንካር የተያያዘ ጫማ ነው የሚያደርጉት። አካፋው እንጨት ነው። ባሩድ ባለበት የሚገባ መሣሪያ ከመዳብ ወይም ከእንጨት ነው። አስቡት፣ የዛገ ቡሎን በለስላሳ መዳብ መዶሻ መፍታት! ብረት ለሚገፋ ሰው ይህ ትዕግሥት የሚጨርስ ሥራ ነው። አምሽተህ ደክመህ፣ አለቃው ወፍጮው መቼ ይነሳል እያለ፣ ከውጭ የብረቱን መዶሻ ማምጣት እንዴት እንደሚያምር እኔ አውቃለሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

እና ይፈነዳ ነበር። በ1815 ዘጠኝ ሰው ሞተ። መጋቢት 19 ቀን 1818 በተከታታይ በደረሰው ፍንዳታ ደግሞ ከ30 በላይ ሰው አለቀ። ኮረብታው ላይ ያለው የባለቤቶቹ ቤት እንኳ ተጎዳ፣ የዱፖን ሚስትም ቆሰለች። አብዛኛዎቹ ሠራተኞች ከአየርላንድ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። እዚያው ወንዝ ዳር በኩባንያው ቤት ይኖራሉ፣ ልጆቻቸው እዚያው ያድጋሉ። በፍንዳታ የሞተውን ሰው «ወንዙን ተሻገረ» ይሉት ነበር። የሳንቃው ግድግዳ ወዴት እንደዞረ ያየ ሰው ምን ማለታቸው እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከእነዚያ አደጋዎች በኋላ ኩባንያው ባሎቻቸው ለሞቱባቸው ሴቶች በዓመት 100 ዶላር ይከፍል፣ ከቤታቸውም አያስወጣቸውም ነበር። ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነው፣ ይህን አልክድም። ከ1802 እስከ 1921 ባለው ጊዜ ውስጥ 288 ፍንዳታ ደርሶ 228 ሰው እንደሞተ ተመዝግቧል።

ከፍንዳታው በማግሥቱ የሚጠራው ማን ነው? ግንቡ ቆሟል። ጣሪያው የለም። መዘውሩ ተሰብሮ ቦዩ ውስጥ ወድቋል። ወፍጮ ሠሪው ይመጣል። ትናንት አብሮት ሰላም የተባባለው ሰው በሞተበት ቤት ውስጥ ቆሞ፣ ዘንጉ ዳግም ያገለግል እንደሆነ ይለካል። የትኛው ጥርስ ቀድሞ እንደተሰበረ ያያል፤ ምናልባት ምክንያቱን የሚያውቅ ብቸኛው ሰው እሱ ነው። ምናልባትም ራሱ የሠራው ክፍል ነው። ይህን ሳስብ አንጀቴ ይላወሳል። እኛ ሙያተኞች ስለ ብልሽት ስናወራ ስለ ብረት ነው የምናወራው። እዚያ ግን ብልሽት የሰው ስም ነበረው።

ሙዚየሙ ውስጥ ስዞር አንድ ነገር ሲከነክነኝ ነበር። ክብሪት ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ሰክሮ መምጣት ክልክል ነው፣ የብረት ነገር ክልክል ነው ይባላል። ትክክል ነው። ደንቡ ግን ሁልጊዜ ጣቱን የሚቀስረው ሠራተኛው ላይ ነው። ፍንዳታ በደረሰ ቁጥር አንድ ቸልተኛ ይፈለጋል። የሞተ ሰው ደግሞ መልስ አይሰጥም። እኔ ግን ከደንቡ ሁሉ ይበልጥ ነፍስ ያተረፈው የአሠራር ለውጥ ነው ብዬ አምናለሁ። በመንከባለያው ወፍጮ ሰዎቹ ባሩዱን ያስገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ውሃውን ከውጭ ይለቃሉ። ጎማው ሲዞር ውስጥ ሰው መኖር አያስፈልግም። ሦስቱ ግንብ ከዚያ በኋላ ነው ሙሉ ትርጉም ያገኘው። ከዚያ በፊት ግንቡ የሚያድነው ጎረቤቱን ቤት ነበር። ውስጥ ያለው ሰው ቆሞ የነበረው በሳንቃው በኩል ነው።

ይህን ለውጥ በወረቀት ያዘዘው ባለቤቱ ሊሆን ይችላል። የሠራው ግን ወፍጮ ሠሪው ነው። የውሃውን መዝጊያ ከቤቱ ውጭ ያደረገ፣ እጀታውን ከግንቡ ጀርባ ያኖረ እጅ አለ። ዛሬ እኔ ማጓጓዣ ቀበቶ ውስጥ እጄን ከማስገባቴ በፊት ኤሌክትሪኩን አጥፍቼ የራሴን ቁልፍ እቆልፍበታለሁ፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ እስካለ ድረስ ማንም ሊያስነሳው አይችልም። ሁለቱም ሐሳብ አንድ ናቸው። ሰው ሲሳሳት፣ ሲደክመው፣ ሲቸኩል እንኳ እንዳይሞት አድርጎ መሥራት። በእርግጥ ሁሉም ክፍል እንዲህ አልሆነም። ባሩዱን በመጫኛ የሚጨምቁበት፣ ቅንጣት የሚያደርጉበትና የሚያሽጉበት ቤት ሰው አጠገቡ ቆሞ የሚሠራበት ነበር። እዚያም ሰው መሞቱ አላቆመም።

ባሩዱ የት ሄደ የሚለውም ጥያቄ አለ። አሜሪካ ከብሪታንያ ጋር በተዋጋችበት በ1812ቱ ጦርነት ለአሜሪካ ጦር ሄዷል። በዚያ ዘመን የተቆፈሩት ቦዮች፣ የተፈነቀሉት ድንጋዮች፣ ማዕድን ማውጫዎቹም ባሩድ ነው የበሉት፤ ሌላ ፈንጂ ገና አልነበረም። ወፍጮ ሠሪው ያንን ያስብ እንደነበር እንጃ። የስንዴ ወፍጮ ሲያቆም የከረመ ሰው፣ በተመሳሳይ መጥረቢያ፣ በተመሳሳይ ስሌት፣ በዚያው ወንዝ ላይ የባሩድ ወፍጮ ያቆማል። ሙያው አይለይም። እኔ ብሆን ግን ልዩነቱ ሌሊት ሌሊት ይመጣብኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሙያው ተቀየረ። የእንጨቱ መዘውር በብረት ተርባይን ተተካ። በ1858 ኩባንያው እዚያው የብረት ሥራ ወርክሾፕ ገነባ። ክፍሎቹ በቶርኖ ማሽን የሚቀረጹ ሆኑ፣ መጥረቢያውና መሮው ወደ ጎን ተባለ። ሙያው ግን አልሞተም። እዚህ አሜሪካ እስከ ዛሬ በዚያው ስም፣ «ሚልራይት» (ወፍጮ ሠሪ) ተብለው የሚጠሩ ባለሙያዎች አሉ፤ ተርባይን ይተክላሉ፣ የፋብሪካ ማሽን በውሃ ልክ ያስቀምጣሉ፣ በአናጢዎች ማኅበር ሥር ነው የተደራጁት። አናጢ ያልኩት በስሕተት አይደለም። ሥሩ እንጨት ነበርና እዚያው ቀረ። ወጣት ሐበሾች ስለ ሥራ ሲጠይቁኝ ይህንን እነግራቸዋለሁ። በተለማማጅነት ይገባሉ፣ እየተከፈላቸው ይማራሉ። ጥሩ እንጀራ ነው።

ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ ወይም ፊላደልፊያ ያላችሁ ሃግሊን አንድ ቅዳሜ እዩት። ልጆችም ይወዱታል። ኮረብታው ላይ ያለውን ቤት ካያችሁ በኋላ ወደ ወንዙ ውረዱ። የመንከባለያውን ወፍጮ ውሃ ለቀው ሲያስነሱት ጎማዎቹን ብቻ አትመልከቱ፣ ጥርሶቹንና ዘንጉን የሚያሳዩበትንም ክፍል ጠይቁ። የሚያስጎበኙት ሰዎች ሙያውን የሚወዱ ናቸው፣ ስትጠይቋቸው ደስ ይላቸዋል።